እጅ የሚገባው ደመወዝ

ላስ ቬጋስ፣ ሰንራይዝ ማነር
ኦክቶበር 4፣ 2020

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለእትዬ ብርቅታይት

እንደምን ሰነበቱ? ሳልዎ ተሻለዎት? እኔና አርያም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናታችንን አርባ በሰላም አወጣን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብዙ ሰው መግባት ስላልተፈቀደ አብዛኛው ሰው መኪና ማቆሚያው ላይ ተራርቆ ቆሞ ነው የጸለየው። እርስዎ መምጣት ባይሆንልዎትም የላኩት ደርሷል፤ ስምዎትን ጠርተን ነው ያበላነው።

ስልክ ሳልደውል የምጽፍልዎት እንዳዘዙኝ ነው። የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው። አርያም እንደሚያውቁት እዚሁ ተወልዳ ስላደገች አማርኛ ስትናገር ብትሰባብረውም ሲነገር አንድም አያመልጣትም። ማንበብ ግን አትችልም። ስለዚህ የእሷ ጉዳይ በአማርኛ በወረቀት ይሁን ማለትዎ ልክ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ እናቷን ቀብራ ሳታበቃ ማን እንደሚወስዳት ስንከራከር መስማት የለባትም።

ጋሽ ገብረጻድቅ በአርባው ዕለት እርስዎን በስልክ አስገብተው ሽማግሌዎቹ ፊት የፈረዱትን አልረሳሁም። «ኤልሳዕ እህቱን ማሳደግ እንደሚችል እስከ ገና ለአክስቱ በሂሳብ ያሳይ። ካልቻለ ልጅቷ ኦሃዮ ትሂድ» ነው ያሉት። እኔም እሺ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ከቃሌ አልወጣም።

እጅህ የሚገባው ስንት ነው ላሉኝ መልሱ ይኸው። ከከተማው ሰሜን ጫፍ፣ ኤፔክስ ኢንዱስትሪያል ፓርክ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ከትምህርቴ ጋር የሙሉ ጊዜ ሥራ ይዣለሁ። በሰዓት 18 ዶላር ከ50 ነው። በሁለት ሳምንት 80 ሰዓት ሲሆን 1,480 ዶላር፣ በወር 2,960 ይመጣል። ኔቫዳ ደግሞ የገቢ ግብር የሌለበት ስቴት ነው። ከቨርጂኒያና ከሚኒሶታ የሚመጣው ሐበሻ ሁሉ ‹ቬጋስ ታክስ የለም› እያለ አይደል የሚመጣው? ኮሌጁ ላይብረሪ ስሠራም ምንም ቆርጠውብኝ አያውቁም። ስለዚህ 2,960ው እንዳለ ይገባል ማለት ነው። ኪራያችን 1,050 ነው። እትዬ፣ ከበቂ በላይ ነው።

አርያምን አይውሰዱብኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

የእህትዎ ልጅ ኤልሳዕ


ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኦክቶበር 13፣ 2020

ለልጄ ለኤልሳዕ

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ስለ ሳሌ አትጠይቀኝ። ሳል ሰው አይገድልም እንዳልልህ ዘንድሮ እህቴን ገድሎብኛል።

ፊደልህ አምሯል። እናትህ ፋናዬ አስተምራህ ነው አገር ያስለቀቀችህ። ሂሳብህ ግን ሳቅ አመጣብኝ፤ እሷ ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ ነው፣ ተመስገን። ታክስ የለም ያለህ ማነው? የለም የተባለው የስቴቱ ነው። ዋሽንግተን እጁን የሰበሰበበት ከተማ ቢኖርማ እኔን ሠላሳ አምስት ዓመት ኦሃዮ በረዶ ውስጥ ምን ይጎልተኝ ነበር! ከሱዳን ስመጣ የመጀመሪያ ደመወዜን ተቀብዬ ተሰርቄያለሁ ብዬ ቢሮ ድረስ ሄጃለሁ። ‹ሌባው ማነው› ስላቸው ‹መንግሥት› አሉኝ።

ላይብረሪ ያልቆረጡብህ ተማሪ ስለሆንክ ነው፣ ገንዘቡም ለመቆረጥ አይበቃም። የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ስትሆን መቀሱ ይመጣል። ለጡረታው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለአረጋውያን ሕክምናው ለሜዲኬር ከመቶው ሰባት ተኩል ያህል ይሄዳል። ለፌዴራሉ ይሄዳል። የአንተና የልጅቷ የጤና ኢንሹራንስ አለ። ጠቅላላ ደመወዝ ብሎ ነገር ‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ› ነው።

የራሴን የደመወዝ ወረቀት አወጣሁና እንደ እኔ ቆረጥኩልህ። ከ1,480ው እጅህ የሚገባው 1,120 ነው። ወሩን በሁለት ቼክ ቁጠረው። በዓመት ሁለት ወር ሦስተኛ ቼክ ይመጣል፤ እሱን እንደሌለ ቁጠረው፤ ጎማ የሚፈነዳው ያን ወር ነው። እንግዲህ በዚህ ኪራይ፣ መኪና፣ መብራት፣ ምግብ ከፍለህ ልጅ ልታሳድግ ነው።

ክፉ ሆኜ እንዳይመስልህ ልጄ። የአንተን ልብ አልጠረጥርም፤ ልብ ግን ኪራይ አይከፍልም። እዚህ ክፍል አዘጋጅቼላታለሁ። ቀን ሠርቼ ማታ ቤቴ ነኝ።

ሁለት ነገር መልስልኝ። ልጅቷ የምትማረው ቤት ቁጭ ብላ በኮምፒውተር ነው ብለሃል፤ ማን አብሯት ይውላል? ነርሲንጉ ደግሞ ዘንድሮ የመጨረሻው፣ አራተኛ ዓመትህ ነው። እንዴት ይዞሃል?

አክስትህ ብርቅታይት


ላስ ቬጋስ፣ ሰንራይዝ ማነር
ኖቬምበር 1፣ 2020

ለእትዬ ብርቅታይት

በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሙሉ ቼክ እጄ እስኪገባ ልጠብቅ ብዬ ነው፤ በግምት ሁለተኛ እንዳይስቁብኝ።

ልክ ነዎት። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 113፣ ለፌዴራሉ ሌላ 113፣ ለኢንሹራንስ 62 ቆርጠዋል። ወረቀቱን ይዤ መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀምጫለሁ። ነገር ግን እርስዎም ተሳስተዋል፣ ይቅርታዎን። የኦሃዮንና የኮሎምበስን ከተማ ግብር ነው አብረው የቆረጡብኝ። እዚህ ሁለቱም የሉም። የገባልኝ 1,192 ነው፤ ከገመቱት በሰባ ሁለት ዶላር ይበልጣል። ለእኛ ሰባ ሁለት ዶላር የመብራት ነው።

ሰዓቱ እንዴት እንደሚታሰብም ልንገርዎት፣ ዋናው 17 ከ50 ሆኖ በላዩ አንድ ዶላር ይጨምራሉ። ከእናታችን ሶሻል ሴኩሪቲ ለአርያም ይመጣል የተባለው የሙት ልጅ አበል ገና አላለቀም፣ ቢሮው ዝግ ነው። ቢመጣም የእሷ ነው። በእሱ ኪራይ አልከፍልም።

ደጋግሜ ጽፌ ካስተካከልኩ በኋላ የወሩ ሂሳብ ይህን ሆነ።

ሁለት ቼክ 2,384
ኪራይ − 1,050
መብራትና ውሃ − 140
መኪናና ቤንዚን − 330
ስልክና ኢንተርኔት − 110
ምግብ − 300
አርያም − 260
የሚተርፍ 194

ከአርያም ጎን ያለው ልብሷ፣ ጫማዋ፣ ለትምህርቷ የሚያስፈልጋትና ድንገት ብትታመም የሚወጣው ነው።

ቀን ቀን እኔ ቤት ነኝ። ሲያስፈልግ ጎረቤታችን እትዬ እናትነሽ አሉ። ከእናታችን ጋር አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ሲያጸዱ የኖሩ ናቸው፤ አሁን ሆቴሉ ስላልጠራቸው ቤት ናቸው። ትምህርቴም ያው እንደሚያውቁት ዘንድሮ ሁሉ ነገር በኮምፒውተር ሆኗል። አይጨነቁ።

ትንሽ ቢሆንም ይተርፋል እትዬ። ዜሮ አይደለም።

ኤልሳዕ


ኮሎምበስ
ኖቬምበር 12፣ 2020

ኤልሳዕ

ሰላምታ በኋላ ይደርሳል፣ ዛሬ ተናድጃለሁ።

ይህቺ በላዩ የሚጨምሩልህ አንድ ዶላር ምንድናት? እኔ ልንገርህ? የሌሊት ሠራተኛ ጭማሪ ናት። የአረጋውያኑ መጦሪያ ውስጥ ለዓመታት ሌሊት እየሠራሁ ያቺን ዶላር በልቻታለሁ። ዓይን ታስከፍላለች፣ ወገብ ታስከፍላለች። ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጎትት አድሮ ጠዋት ሆስፒታል ለልምምድ የሚወጣ የነርሲንግ ተማሪ ደግሞ እናቱ አልወለደችውም። እንግዲህ ሳትነግረኝ ነግረኸኛል። ትምህርትህን ትተሃል።

ያስቀየመኝ መተውህ ብቻ አይደለም። ‹ሁሉ ነገር በኮምፒውተር ሆኗል፣ አይጨነቁ› ብለህ በጨዋ አማርኛ አታለልከኝ። ይህን ያስተማረህ ማነው? ፋናዬ እንደሆን ውሸት አልቻለችበትም። በሽታው ሲይዛት እንኳ በስልክ ‹ትንሽ ነው› አለችኝና ወዲያው አለቀሰች።

ያቺ ሴት በቀን የስንቱን ሰው አልጋ እያነጠፈች የኖረችው ልጄ ነጭ ጋውን ሲለብስ አያለሁ ብላ ነው። ሦስት ዓመት ገፍተህ ለአንድ ዓመት ጉዳይ ጣልከው? ‹የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች› ማለት ይኸው ነው። እኔ ልጅቷን ልውሰድ ያልኩት አንተም እንድትተርፍ ነበር። ይህን በአርባው ዕለት ሽማግሌ ፊት ብናገር ሰው ፊት ያሳነስኩህ ይመስልሃል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

አሁን ንገረኝ። ሌሊት ከልጅቷ ጋር የሚያድረው ማነው?

ብርቅታይት


ላስ ቬጋስ
ኖቬምበር 27፣ 2020

ለእትዬ ብርቅታይት

ቢቆጡኝ ይገባዎታል። ይቅርታ ያድርጉልኝ ስል ስለዋሸሁት እንጂ ስላደረግኩት አይደለም።

ከሴፕቴምበር ጀምሮ ትምህርቴን አቁሜያለሁ። የትምህርት ቤቱ ሰዎች በፈለግኩ ጊዜ መመለስ እንደምችል ነግረውኛል። የአርያም ልጅነት ግን አንድ ጊዜ ነው። እርስዎ ጋ ሄዳ ስታድግ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር በስልክ የምታናግረው የእናቷ ልጅ ብቻ እሆናለሁ። አባታችን ሲሞት ያቀፍኳት እኔ ነኝ። እናታችን ሆስፒታል ስትገባ ሁለታችንንም በር ላይ ነው የመለሱን፤ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ስንጠብቅ ‹አንተ አትሄድም አይደል?› አለችኝ። አልሄድም አልኳት። ያኔ ሽማግሌ አልነበረም፣ ሂሳብም አልነበረም።

ሌሊት የእትዬ እናትነሽ በር ከእኛ በር ፊት ለፊት ነው። ቁልፍ አላቸው። ገባ ብለው ያዩዋታል። ጠዋት ስገባ ቁርሷን አብልቻት፣ ኮምፒውተሯን ከፍታ ስትቀመጥ እተኛለሁ።

አሁን ደግሞ የበዓል ሰሞን ስለሆነ መጋዘኑ ኦቨርታይም ይሰጣል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ብገባ፣ ሁሉም ተቆርጦ የሚተርፈው ከ194ው ወደ 550 ይደርሳል። ስቴቱ ስለማይነካው ኦቨርታይሙም ብዙ አይጎዳም። ይህን ለጋሽ ገብረጻድቅም ጽፌያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልደቷ ነበር። ቻይናታውን ወስጄ የፈለግሽውን እዘዢ አልኳት። ሾርባ አዘዘች፣ እሱንም አልጨረሰችም። ስጦታ ምን ልግዛልሽ ስላት ‹ምንም› አለች። ዘንድሮ ምንም አትጠይቅም እትዬ። ድሮ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ነገር ካልተገዛልኝ ብላ ታኮርፍ ነበር። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ አስተዋይ ትሆናለች ብዬ አልገመትኩም። እናታችን ብታያት ደስ ይላት ነበር።

ኤልሳዕ


ኮሎምበስ
ዲሴምበር 9፣ 2020

ልጄ ኤልሳዕ

እንደምን አለህ? ልጅቷስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሳሉም ለቆኛል፣ አሁን ብትጠይቀኝ አልቆጣም።

ጋሽ ገብረጻድቅ ደውለው ነበር። ‹ልጁ ቆርጧል፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?› አሉኝ። አንድ ሳምንት ስጡኝ አልኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ የላክልኝን ሂሳብ ይዤ ምኑ ጋ እንደምሰብረው ስፈልግ ከረምኩ። ቤንዚኑ አንሷል አልኩ፤ ጠይቄ ሳጣራ አላነሰም። ምግቡ አይበቃም አልኩ፤ አንተ ድሮም አትበላም። እልኸኛ መሆኔን እህቴ ነግራህ ይሆናል። ልሰብረው አልቻልኩም።

ስለዚህ ትቆይ። ለጋሽ ገብረጻድቅም ዛሬ ነግሬያቸዋለሁ። አሸንፈኸኛል።

የሷን ክፍል ቀለም ያስቀባሁት በሴፕቴምበር ነው። ‹ልጅ ነሽ፣ ቢጫ ትወጃለሽ› ብዬ በራሴ ፈረድኩ። አልጋውን ለቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። እኔ እህቴን ሳልቀብር የቀረሁ ሰው ነኝ። አውሮፕላን ልሳፈር ስል እየሳልሽ ከሄድሽ ትሞቻለሽ አሉኝ፣ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ለፋናዬ አንድ ነገር ካላደረግኩ እህል አይወርድልኝም ነበር። ልጇን ማሳደግ እሱ ይሆናል ብዬ ነበር። ሳይሆን ቀረ፤ ልጇን ያሳደገው ልጇ ነው፤ እሱም ጥሩ ነው።

በኦቨርታይሙ አትስገብገብ። ከበዓሉ በኋላ መጋዘኑ ይረሳሃል። የገና ስጦታ ለሁለታችሁም እልካለሁ፤ ሂሳብህ ውስጥ እንዳታስገባው።

አክስትህ ብርቅታይት


ላስ ቬጋስ
ጃንዋሪ 2፣ 2021

ለእትዬ ብርቅታይት

አርያም ሆስፒታል ገብታ ነበር። አሁን ቤት ናት፣ ደህና ናት። መጀመሪያ ይህን ይወቁልኝ።

ጥርሷ ነው። ከታች መንጋጋዋ በኩል ተበልቶ፣ መግል ይዞ፣ እስከ አንገቷ አብጦ ትኩሳት ጣላት። ያየኋት እኔ አይደለሁም። እትዬ እናትነሽ ምግብ ይዘው ገብተው ነው ያዩዋት። እኔ ከሥራ ገብቼ በሚቀጥለው ክፍል ተኝቼ ነበር። ሐኪሟ ይህ የሳምንታት ሕመም ነው፣ እንዴት አልተናገረችም አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም ነበር።

ትኩሳቱ ከለቀቃት በኋላ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ጠየቅኳት። የተናገረችውን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም አርዬ?»

«ፔፐሩን አየሁት።»

«የቱን?»

«ለእትዬ የምትጽፈውን። ኪችን ውስጥ ሌላም ሌላም አለ፣ ሰርዘህ የተውከው። ሪድ ማድረግ አልችልም። ግን ስሜን አውቀዋለሁ፣ ማሚ አስተምራኛለች። ከስሜ ጎን ማይነስ አለ።»

በእጅጌዬ ዓይኔን ጠረግኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ከታች ደግሞ ትንሽዬ ነምበር ብቻ ነው የቀረችው። ዴንቲስት ከሄድኩ እሷ ታልቃለች። ከዛ ኦሃዮ እሄዳለሁ፣ ራይት? ጋሽ ገብሬ በስልክ ሲሉ ሰምቼአለሁ። ስለዚህ በዚህኛው ጎን ነበር የምበላው። ብዙም አያምም ነበር፣ ኦኬ? ዶንት ክራይ።»

እትዬ፣ እኔና እርስዎ በአማርኛ ከጻፍን አታውቅም ብለን ነበር። ቁጥሩ ግን በሁሉም ቋንቋ ያው ነው። ስሟንም እናቷ አስተምራታለች። የልደቷ ዕለት ሾርባ ያዘዘችው፣ ምንም አልፈልግም ያለችው፣ እኔም አስተዋይ ሆናለች ብዬ በኩራት የጻፍኩልዎት፣ ያን ጊዜ ሁሉ እያመማት ነበር። ከእኔ እንዳትለይ ብላ ሕመሟን ዋጠችው።

ሂሳቡ አሁንም ልክ ነው። ሆስፒታሉንም ኢንሹራንሱና የስቴቱ እርዳታ ከፍለውታል፤ ቢሰላ አሁንም ይተርፋል። ገንዘቡ በቅቷል። ያልበቃሁት እኔ ነኝ። አንድ ቤት እየኖርን፣ ጠዋት ጠዋት ቁርስ እያቀረብኩላት፣ በአንድ ጎኗ ማኘኳን ሳላይ ከረምኩ። ዓይኔን ከፍቼ ተኝቼ ነበር ማለት ነው። ነርስ ልሆን ነበር እኮ እትዬ።

እኔ ጋ እስካለች ድረስ አሁንም የሆነ ነገር ትደብቀኛለች። ነገ ደግሞ ጥርስ ላይሆን ይችላል። ልትቆይ ብላ ራሷን የምትጎዳ ልጅ ይዤ ማሸነፍ አልፈልግም። አልጋውን ለቤተ ክርስቲያን ካልሰጡት ይውሰዷት። ለጋሽ ገብረጻድቅ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ግን አላውቅም። አትሄድም አይደል ስትለኝ አልሄድም ብያታለሁ።

ኤልሳዕ


ኮሎምበስ
ጃንዋሪ 9፣ 2021

ልጄ

አልጋው አለ።

እያለቀስክ እንደጻፍከው ወረቀቱ ይናገራል፤ እኔም ሳነበው እንዲሁ ሆንኩ። እንግዲህ ጥፋቱን ለብቻህ አትውሰደው። ሂሳብ አሳየኝ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ በወረቀት ይሁን ያልኩህም እኔው ነኝ። ሽማግሌዎቹም ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ፈረዱ፤ ልጅቷ የት እንዳለች ያየ አልነበረም። ትልቅ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አንዲት ሕፃን ጥርሷን ነክሳ እንድትኖር አደረግናት።

እንዴት ልንገራት ላልከኝ፣ ስማኝ። ገንዘብ ስላልበቃ ነው እንዳትላት፤ በቅቷልና ውሸት ነው። ትምህርቴን ልጨርስ ነው ብለህም እንዳትተዋት፤ የሰው ዕንቅፋት ነበርኩ ብላ ታድጋለች። ‹አክስትሽ ብቻዋን ናት፣ ሰው ያስፈልጋታል› በላት። ይህ እውነት ነው። ቤቴ ውስጥ የማዋራው ቴሌቪዥኑን ነው። እሱም አይመልስልኝም።

ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ልጅ እንደ ዕቃ አይላክም። አንተም ከፌብሩዋሪ ጀምሮ የቀን ሥራ ፈልግ። በኦገስት ክፍል ገብተህ ካላየሁ ግን ይህን ሁሉ ደግነቴን እረሳለሁ።

ብርቅታይት


ኮሎምበስ
ፌብሩዋሪ 23፣ 2021

ልጄ ኤልሱ

ደብዳቤህ ደረሰኝ። የቀን ሺፍት በማግኘትህ ደስ ብሎኛል፤ ያቺ አንድ ዶላር ትቅርብህ። ከቼኩ አሁን ምን ያህል እንደሚተርፍህ የጻፍክልኝን ግን አላነበብኩትም። ሁለተኛ ቁጥር እንዳትጽፍልኝ።

ታለቅሳለች ወይ ላልከው፣ መጀመሪያ ሰሞን አላለቀሰችም፤ ያስጨነቀኝም እሱ ነው። የሰጠኋትን ትበላለች፣ የዘረጋሁላትን ትለብሳለች፣ እመሰግናለሁ ትላለች። እንደ እንግዳ ኖረች። ቢጫ ቀለም እንደማትወድ ያወቅሁት ራሷ ነግራኝ አይደለም፤ ሥዕሎቿን ሁሉ በላዩ ስትለጥፍበት ነው። ከዚያ ባለፈው ሰኞ ኩሽና መጥታ ቆመችና «እትዬ፣ ጫማዬ ጠቦኛል» አለችኝ። ‹እሺ የኔ ልጅ› ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ‹ውድ ነው እንዴ?› ብላ ደነገጠች። አይደለም፣ ሽንኩርት ነው አልኳት። ያን ቀን ሽንኩርት አልከተፍኩም ነበር። ማታ እሷም አልጋዋ ውስጥ አለቀሰች፤ ስምህን እየጠራች ነው። አጠገቧ ተኛሁ። ይህን ልደብቅህ አልፈለግኩም።

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ወሰድኳት። ወደ ውስጥ አያስገቡም። በር ላይ ጠረጴዛ አውጥተው አንዲት ሴትዮ ጭምብሏን አድርጋ፣ ካፖርቷን ደርባ ተቀምጣለች። እኔ ጓንቴን አውልቄ የኪራይ ወረቀቱንና ጋሽ ገብረጻድቅ በጠበቃ ያስላኩልንን የአሳዳጊነት ወረቀት ስፈልግ፣ ሴትዮዋ ልጅቷ እንዳትፈራ ብላ ነው መሰለኝ እሷኑ ጠየቀቻት። ‹አንቺን የሚያሳድግሽ ማነው?› አለቻት።

አርያም ወደኔ አላየችም። «ኤልሳዕ» አለች። ስልክ ቁጥርህንም ሳታቋርጥ ጠራችላት። ሴትዮዋ እየጻፈች ሳለ «ላስ ቬጋስ ነው ያለው። ግን ማታ አትደውዪለት። አሁን ማታ ይተኛል» አለቻት።

ሴትዮዋ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ልክ ነው? አለችኝ። ልክ ነው አልኳት። አንተን ከላይ፣ እኔን ከሥር ጻፈችን።

አክስትህ ብርቅታይት